የአዠንኩር ምርኮኞች በቡሬ መንገድ

ክርክር የሌለበትን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ባለፈው ዓመት በሐምሌ፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው አስፋልት ወጣ ባለች አንዲት የገበሬ መንደር፣ እጃቸውን የሰጡ ሁለት ሰዎች ተገድለዋል። የገደሏቸው አልተሸሸጉም፤ ዛሬም ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፣ ማኅበር ይጠጣሉ፣ ሲያገኙን እጅ ይነሡናል። መግደላቸውንም ለእኛ አይክዱም። የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ግድ ነበር»። ይህን ቃል የት እንደተማሩት አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ክፍል ተቀምጬ ተምሬዋለሁ።

ያስተማሩን መምህር ዓለምብርሃን ናቸው። የተወለዱት በወምበርማ፣ ከሽንዲ ፈንጠር ብሎ ካለ ደብር ነው። አባታቸው መሪጌታ ስለነበሩ ልጅነታቸው በዜማ ቤት አለፈ፤ ድምፃቸው ሲጎረምስ ወደ አስኳላ ዞሩ፣ ከዚያም እስከ ጡረታቸው ድረስ በፍኖተ ሰላም ታሪክ አስተማሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን በኮታቸው ላይ የሚደርቡ ሰው ነበሩ። ተማሪ አይመቱም፤ አይሳደቡም። ክፉኛ ሲቆጡ ግን ተማሪውን «አንቱ» ማለት ይጀምራሉ፤ «አንቱ» የተባለ ልጅ ያን ቀን ምሳ አይበላለትም ነበር።

በየዓመቱ የሚያስተምሩት አንድ ጦርነት ነበራቸው፤ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር አዠንኩር በምትባል የፈረንሳይ መንደር አጠገብ የገጠሙበት። በመማሪያ መጽሐፋችን አንድ መስመር ቢኖረው ነው። እሳቸው ግን ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰው በሰሌዳው ራስጌ ይጽፉታል፦ ጥቅምት ሃያ ሰባት ቀን 1408 ዓመተ ምሕረት፣ ዓርብ። «ዐፄ ይስሐቅ በነገሡ ሰሞን ነው» ይላሉ። «ዕለቱ መድኃኔዓለም ነው። ስቅለቱን በምናስብበት ቀን ክርስቲያን ክርስቲያንን እንዴት እንዳረደ ዛሬ እናያለን።»

ከዚያ ወደ ውጭ ያወጡናል። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ በሁለት ረድፍ ባሕር ዛፍ መካከል የተቆፈረ መሬት ነበር፤ ዝናብ በጣለ ማግስት ዋልካው እግር ይዞ አይለቅም። ግማሾቻችን ፈረንሳይ እንሆናለን፤ ቦት ጫማ አጥልቀን፣ ድንጋይ የሞላ ጆንያ ተሸክመን፣ በሁለቱ የዛፍ ረድፎች መካከል ተጨናንቀን እንድንገፋ እንታዘዛለን። ሌሎቹ እንግሊዝ ናቸው፤ ባዶ እግራቸውን በጎን ቆመው የጭቃ ድብልብል ይወረውሩብናል። ፊት ያለው ሲወድቅ ኋላ ያለው ይረግጠዋል። ሆዳችን እስኪቆስል እንስቅ ነበር። «እንግዲህ ገባችሁ» ይላሉ መምህር ከዳር ሆነው። «ብረት የለበሰውን ጭቃ ያዘው፤ ጭቃ የያዘውን ቀስተኛ ጨረሰው። መሬቱ የስንዴ እርሻ ነበር፤ ገና የተዘራ።»

ሳቁ የሚያበቃው ወደ ክፍል ስንመለስ ነው። በዚያ ጦርነት እጁን የሚሰጥ ባላባት የቀኝ እጁን ጓንት አውልቆ ለማራኪው ያስረክባል፤ ጓንቱን የተቀበለ ሰው የምርኮኛውን ነፍስ ተቀብሏል ማለት ነው። ድሉ ሊጨበጥ ሲል ምርኮኛው እጅግ በዝቶ ነበር። ድንገት ከበስተኋላ ጩኸት ተሰማ፤ የአካባቢው ሰዎች የእንግሊዞቹን ጓዝ ዘረፉ፣ ተበትኖ የነበረውም የፈረንሳይ ጦር እንደገና የሚሰለፍ መሰለ። የእንግሊዙ ንጉሥ ምርኮኞቹ እንዲገደሉ አዘዘ። ማራኪዎቹ አንገራገሩ፤ አንዳንዱ ለክብሩ፣ አንዳንዱ ለሚያገኘው የማስለቀቂያ ገንዘብ። ንጉሡም አልለመናቸውም፤ ሁለት መቶ ቀስተኞች መድቦ አስፈጸመ። ቁስለኛ ምርኮኞች የታጎሩበት ቤት እሳት ተለቀቀበት፤ ራሱንና ጉልበቱን የቆሰለ አንድ ባላባት በዳዴ ወጥቶ ተርፎ ነው ታሪኩን የጻፈው። የተፈራው ጦር ግን አልመጣም።

«ትእዛዙ ለእናንተ ቢደርስ ምን ታደርጉ ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ መምህር። በእኛ ዓመት የተነሣው ይርሳው ነው። ይርሳው ከቡሬ ገጠር መጥቶ ተከራይቶ የሚማር፣ ከክፍላችን ማንም በክርክር የማይረታው ልጅ ነበር።

«እፈጽማለሁ፣ መምህር» አለ። «ጦሩ መምጣት አለመምጣቱን ንጉሡ በዚያች ሰዓት አያውቅም። ምሯቸው ቢነሡበት ኖሮ ስሙን ዛሬ አናነብም ነበር። ግድ ነበር።»

ከኋላ አንዱ «አንተ ድሮስ ጓንት የት ታውቅና» አለው፤ ክፍሉ ሳቀ። መምህር ዓለምብርሃን አልሳቁም። «ክርክሩ ሙሉ ነው» አሉና ሙሉ ማርክ ሰጡት። ተሳስተሃል አላሉትም። ለትምህርት ነፃነት ሲሉ ይሁን፣ መልሱን እኛው እንድናገኘው ይሁን፣ አላሉትም። ይህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ በክሴ ውስጥ ግን ያችን ዝምታ ልዘላት አልችልም። ሰው ማረድን ያለ ጉድለት ያስረዳ ልጅ ሙሉ ማርክ ይዞ ወደ መንደሩ ተመለሰ።

መምህር ጡረታ ሲወጡ ባለቤታቸው እማማ ሀብትነሽ ከወላጆቻቸው በወረሱት መሬት ላይ ሊያርሱ ገጠር ገቡ። የይርሳው መንደር ነበር። ይርሳውም ኮሌጁን ጀምሮ ትቶ፣ አገር ቤት ገብቶ፣ ወጣቶቹ ሌባ ለመጠበቅ ያቋቋሙትን ዘብ ይመራ ነበር፤ ጠመንጃ ያለው እሱና ጥቂት ባልደረቦቹ ናቸው። መምህርን መንገድ ላይ ሲያያቸው ቆቡን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ያሳልፋቸዋል። እሳቸውም በዚህ ደስ ይላቸው ነበር።

በዚያ የሐምሌ ጧት እንዳለው የሚባል ገበሬ በሬው ከበረት ጠፍቶ አደረበት። መንደሩ ዱላውን ይዞ ወጣ። በዚያው ሰዓት ሁለት ወንድማማቾች በመንደሩ ግርጌ ሲያልፉ ነበር፤ ቴዎፍሎስና ኪዳነ ማርያም፣ ከሰከላ፣ ለበቆሎ አረም በቀን ሥራ ሊቀጠሩ ወደ ቡሬ የሚሄዱ። ታላቅየው ትከሻው ላይ ገመድ ነበረው። ገመዱን ያየ ጮኸ፤ ጩኸቱን የሰሙት ወንድማማቾች ሮጡ።

ሌባ ካልሆኑ ለምን ሮጡ ይላሉ ገዳዮቹ። ዱላ ይዞ የሚመጣበትን መንደር አይቶ ቆሞ የጠበቀ ሰው ካለ እሱ ይክሰሳቸው። በሬውን ወስደው እንደሆነም አላውቅም፤ ማንም አያውቅም፤ ሊናገሩ የሚችሉትን ሰዎች እነማን ዝም እንዳሰኟቸው ግን ይታወቃል።

የሮጡት በመምህር ማሳ ላይ ነው። ማሳው የስንዴ ነበር፣ በዋዜማው የተዘራ፤ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድበት አድሯል። ከመሐል ሳይደርሱ ዋልካው እስከ ጉልበታቸው ዋጣቸው። መምህር ከማሳው ዳር ውኃው እንዳይተኛ ፈሰስ ይከፍቱ ነበር፤ ቀና ሲሉ ሁለት ሰዎች እንደ ተተከለ ግንድ ቆመው፣ መንደሩ በዳርና ዳር ሲከባቸው አዩ። አንድ ድንጋይ ተወረወረ። በዚህ ጊዜ ቴዎፍሎስ ሁለት እጁን አንሥቶ «በሕግ አምላክ» አለ።

በአገራችን ይህ ቃል የሮጠውን ያቆም ነበር፤ ያለውም የሰማውም ከዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ መነካካት የለም። ሕዝቡ ረገብ አለ፤ አልቆመም። መምህር ዶማቸውን ጥለው፣ ጭቃውን እየቀዘፉ ገቡና ማንም ካየው ዘመን ያለፈውን ነገር አደረጉ። የጋቢያቸውን ጫፍ ከቴዎፍሎስ ጋቢ ጫፍ ጋር ቋጠሩት፤ የቴዎፍሎስን ሌላ ጫፍ ደግሞ ከኪዳነ ማርያም ፎጣ ጋር። ቁራኛ ይባላል። በድሮ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ በልብስ ተቋጥረው ነበር ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት፤ የተቋጠረን ሰው መምታት የቋጠረውን መምታት ነው። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከአባቶቻቸው ሰምተውት ስለነበር ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ።

ይርሳው ጠመንጃውን አንግቶ ደረሰ። «መምህር፣ ይኸ ምንድን ነው?» አለ።

«ፍኖተ ሰላም ወስጄ ለሕግ አስረክባቸዋለሁ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«ወንዙ ሞልቷል፤ በምን ይሻገራሉ?»

«እስኪጎድል እጠብቃለሁ።»

«እንደ ፈቀዱ» አለና ቆቡን አወለቀ።

ሦስቱ እንደተቋጠሩ በመምህር የከብት በረት ውስጥ ተቀመጡ። እማማ ሀብትነሽ የገብስ ቆሎ አመጡላቸው። ኪዳነ ማርያም ዓይኑን ከደጃፉ አልነቀለም፤ ታላቅየው ግን ቆሎውን እየዘገነ «መምህር፣ እኔ ከአምስተኛ ክፍል ነው የተባረርሁ» አለ። «መምህሩ ዳግመኛ እንዳላይህ ነው ያሉኝ። ዛሬ ይኸው ከመምህር ጋር ታሰርሁ።»

«ምን አድርገህ ተባረርህ?»

«እያረፈድሁ፤ ሮጦ መድረስ አልሆንልኝ ብሎ።» ወንድሙን በክርኑ ገፋ አደረገው። «ሯጩ እሱ ነው። እኛ ቤት እናታችን ስትልከን እኔን ለወሬ፣ እሱን ለእሳት ነው።» ኪዳነ ማርያም ፈገግ አለ። እናታቸው እህተ ማርያም እንደሚባሉና ቤታቸው ከግሽ ዓባይ ጠበሉ አጠገብ እንደሆነ ነገሯቸው። መምህርም «ነገ ከነገ ወዲያ እናንተው ትነግሯቸዋላችሁ» አሏቸው።

ቀኑ ጋደድ ሲል ከመንደሩ ራስጌ ካለው ገደል ማዶ ተኩስ ተሰማ። ቀጥሎ መለከት። ቀጥሎ የብዙ ሰው ጩኸት፣ እየቀረበ። የዘቡ ልጆች በያሉበት ብድግ አሉ፤ አንዱ «ዘመዶቻቸው ናቸው፣ ሊያስለቅቋቸው መጡ» አለ። ይህን ያለ ሰው አላየም፤ አልሰማም፤ ገመተ። ግምቱ ከአፉ ወጥቶ ይርሳው ጆሮ እስኪደርስ ወሬ ሆነ፤ ከይርሳው አፍ ሲመለስ ትእዛዝ ነበር።

ይርሳው ወደ በረቱ ደጃፍ መጥቶ፣ አሁንም ቆቡን አውልቆ፣ «መምህር፣ ይፍቱትና ይውጡ» አለ።

«ለምን?»

«የሚያውቁትን አይጠይቁኝ። ከኋላ እየመጡብን ነው። እኛ ጥቂት ነን። እነዚህ ከውስጥ ቢነሡብንሳ?»

«ቆሎ እየበሉ ነው፣ ይርሳው። በጨርቅ ተቋጥረው ቆሎ እየበሉ ነው። አንድ ሰው ከገደሉ አናት ላክና ይይልህ።»

«ጊዜ የለም። ይኼን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

መምህር ዓለምብርሃን ተነሡ፤ ወንድማማቾቹም አብረው ተነሡ፣ ተቋጥረዋልና። «አቶ ይርሳው» አሉ፤ «አንቱ ያን ቀን ትምህርቱን ሳይጨርሱ ነው የወጡት። ያ ጦር አልመጣም።»

ይርሳው «አንቱ» መባሉን ሰምቷል። «አለመምጣቱን ንጉሡ አያውቅም ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሙሉ የሰጡኝ ለዚህ መልስ ነው።»

ከዚያ ወደ እንዳለው ዞረ፤ «በሬው ያንተ ነው፤ አንተ ጀምር» አለው። እንዳለው ዱላውን ከእጁ ጣለ። «እኔ በሬ ነው የጠፋብኝ። ሰው ግደሉልኝ አላልሁም» አለና ወደ ቤቱ ሄደ። በመንደሩ ዛሬ ይህን እንደ ደግነት ያወሩለታል። እኔ አልቆጥርለትም። በአፉ እምቢ ብሎ በእግሩ ፈቅዷል። ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ፤ ቁራኛ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ፣ ያወቁትን ይዘው ሄዱ።

«የንጉሡ ማራኪዎችም እንዲሁ አንገራግረው ነበር» አለ ይርሳው። ከዘቡ አራቱን መረጠ።

አንዱ በማጭድ የመምህርን ጋቢ ከቋጠሮው በላይ ቀደደው። ሁለቱ ብብትና ብብታቸውን ይዘው አወጧቸው፤ ሲያወጧቸውም «ይቅርታ፣ መምህር» እያሉ ነበር። ይህን ይቅርታ ከግድያው ለይቼ ላየው አልቻልሁም። ወንድማማቾቹን በዱላና በማጭድ ገደሏቸው። ጥይቱን ለሚመጣው ጦር ቆጠቡት። ከበረቱ ጀርባ ግድግዳው የተቦረቦረበት አንድ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበር፤ ኪዳነ ማርያም ወደዚያ ተወረወረ፣ ግማሽ አካሉም ወጥቶ ነበር። የተቀደደው ግን በመምህር በኩል ያለው ጨርቅ ብቻ ነው። ወንድሙ ከውስጥ በኩል ወድቋል፤ ፎጣው ደግሞ ከወንድሙ ጋቢ ጋር ተቋጥሯል። ቀዳዳው አንድ ሰው እንጂ ሁለት አያሳልፍም። እዚያው ላይ ጨረሱት። እማማ ሀብትነሽ ከውጭ ሆነው እጁን አይተውታል፤ የአጥሩን ግንድ ጨብጦ ነበር።

ጦሩ ከገደሉ አናት ላይ ብቅ አለ። ቃሬዛ ተሸክሟል። ከማዶ አንድ ባለ ርስት አዛውንት በዚያ ጧት አርፈው፣ ወንዙ መርዶ ነጋሪውን ስላላሻገረው መንደሩ አልሰማም ነበር፤ ለቀስተኛው በላይኛው መሻገሪያ ዞሮ፣ እንደ ደንቡ እየተኮሰ፣ መለከት እየነፋ፣ እያስለቀሰ ወደ ደብሩ ማምጣቱ ነው። የጎጃም ልጅ የለቅሶን ተኩስ ከጦር ተኩስ ለይቶ ያድጋል። ያን ቀን ማንም ሊለየው አልፈለገም።

የዘቡ ልጆች በየአጥሩ ጥግ አድፍጠው፣ አፈሙዛቸውን ወደ ቃሬዛው አዙረው ነበር። ዝቅ አደረጉት። ፊቷን የነጨች፣ ያምሮት የምትባል የሟች ልጅ፣ በመምህር ደጅ የተሰበሰበውን ሰው አየችና «እናንተስ የማንን ለቅሶ ነው የተቀመጣችሁ?» ብላ ጠየቀች። ሰዉ ዓይኑን ወደ በረቱ መለሰ። ይርሳው ቆቡን አድርጎ «ለቅሶ መሆኑን ማን አወቀ?» አለ፤ ከዚያም፣ እንደ ራሱ ሆኖ ሳይሆን የቆየ ትምህርት እንደሚያስታውስ ሰው፣ «ግድ ነበር» አለ።

ለቀስተኞቹ አባታቸውን ቀብረው ሲጨርሱ ለሁለቱም አለቀሱላቸው። ሬሳውን የገነዙት ሰዎች ቋጠሮዎቹን ሊፈቱ ሞክረው ነበር፤ የረጠበ ጥጥ በጭቃና በደም ጠንክሮ እምቢ አላቸው። ቆርጠው ለመምህር ሰጧቸው።

ወንዙ ሲጎድል መምህር ዓለምብርሃን ጫፉ የተቀደደውን ጋቢ ለብሰው፣ ብቻቸውን ፍኖተ ሰላም ገቡ። ባጃጁና የፈረስ ጋሪው እየጮኸባቸው በመሐል መንገድ መሄዳቸውን ያዩ ሰዎች ነግረውኛል። ሊያስረክቡ ከገቡበት ቢሮ ያገኙት ሰው «ተጠርጣሪዎቹ የታሉ?» አላቸው። ቋጠሮዎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ማነው ያሰራቸው?» ሲላቸው «እኔ» አሉ። ሌላ አምኖ የመጣ ሰው ስላልነበረ የታሰሩት እሳቸው ሆኑ። ሲፈቱም ከሳቸው ሌላ የተጠየቀ አልነበረም፤ መንደሩ በአንድ አፍ «ጩኸት ነበር፣ ግርግር ነበር፣ አላየንም» ብሏል። «አላየንም» ያሉትን ሰዎች ስም አውቃለሁ። ከክፍሌ ልጆች አንዱ ስለሆነ ደግሞ የአንዱን እዚህ ጽፌዋለሁ።

መምህር ከዚያ በኋላ ወደ መንደሩ አልተመለሱም። አንድ ቀን ወደ እኔ መጥተው «ቃሌ አልተፈጸመም፤ ግሽ ዓባይ ውሰደኝ» አሉ። ሄድን። ከጠበሉ የሚመለሱ ምእመናን ጀሪካናቸውን ተሸክመው መንገዱን ሞልተውት ነበር። እማማ እህተ ማርያም በደጃቸው ተቀምጠው አተር ይፈለፍሉ ነበር። መርዶው ቀድሞ ደርሷቸዋል፤ ፀጉራቸው ተላጭቷል። መምህር እግራቸው ላይ ወደቁ። እማማም «ይነሡ» ብለው አነሧቸው። ከዚያ መምህር ሁለቱን ቋጠሮዎች ከኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡ።

እማማ እህተ ማርያም አንደኛውን አስቀምጠው ልጆቻቸውን ያገናኘውን ያዙ። የታናሹን ፎጣ በቀለሙ አወቁት። በጥፍራቸው ሊፈቱት ሞከሩ።

«ማነው የቋጠረው?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ለምን?»

«እንዳይነኳቸው። የተቋጠረ ሰው አይነካም ብዬ።»

ሴትዮዋ ቋጠሮውን ለረጅም ጊዜ አገላበጡት። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ቁጣም አልነበረበትም፤ እንደዚያ ያለ ፍርድ በአንድም ችሎት ሰምቼ አላውቅም።

«ኪዳኔ እግሩ ፈጣን ነበር» አሉ። «ፈረስ አይደርስበትም። አንቱ ባያስሩልኝ አንዱ ይሮጥልኝ ነበር።»

እማማ እህተ ማርያም ቋጠሮውን በመቀነታቸው ውስጥ አስገቡና ተነሡ፤ እንግዳ ከሩቅ መጥቷልና ከጓዳ በጣሳ ውኃ አምጥተው ሰጧቸው። መምህር በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። እስክንነሣ ድረስ ይዘውት ቆዩ፤ አልጠጡትም።